እንስሳትን በርኅራኄ መያዝ፦ ለወጣቶች ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ መመሪያ

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በቤታችን አንድ ቡናማ ውሻ ነበረን። እጅግ እወደው ስለ ነበር ከትምህርት ቤት እንደ ተመለስኩ አንገቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ፊቴን ከፊቱ ጋር አጣብቄ እቆይ ነበር። እርሱ በበኩሉ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ አፍንጫውን ቶሎ ቶሎ ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭም ከዳር በኩል ብቅ ይላል። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አጉረመረመብኝ፤ እኔም ደንግጬና ተቀይሜ አፉን በጥፊ መታሁት። ከዚያ ወዲያ ማጉረምረሙን ፈጽሞ ተወ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜ እንደ እኔ ሊያቅፈው ሲጠጋ፣ ድምፅ ሳያሰማ እጁን ነከሰው።

ቤተሰቡ ሁሉ ውሻው ሳይታሰብ ተናከሰ አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ በሚያውቀው መንገድ ሁሉ «ልቀቂኝ» እያለ ለወራት ሲለምነኝ ቆይቶ፣ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያውን በጥፊ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። እንስሳትን ከሚጎዱ ሰዎች ብዙዎቹ ጨካኞች አይደሉም፤ በዓይናቸው የሚያዩትን ነገር ትርጉም ማንም ያልነገራቸው ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ከመንካት በፊት መመልከት

በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል መድቡና በአጠገባችሁ የሚኖር አንድ እንስሳ ሳትነኩትና ሳትጠሩት ተመልከቱት። ጆሮው ወዴት እንደ ዞረ፣ ጅራቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን፣ አፉ ዘና ብሎ መከፈቱን ወይም ጥብቅ ብሎ መዘጋቱን፣ ሰውነቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉን አስተውሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የዘወትር ሁኔታውን ትለዩታላችሁ፤ የዘወትሩን የለየ ሰው ደግሞ እንስሳው ሲታመም ወይም ሲጨነቅ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ውሻ ከማጉረምረሙ ብዙ ቀደም ብሎ ጭንቀቱን ይናገራል። እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ይልሳል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ግን በድንገት ድርቅ ብሎ መቆሙ ነው። ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ሁልጊዜ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም፤ መላ ወገቡን እያወዛወዘ የሚቆላው እና ሰውነቱን ገትሮ ጅራቱን ሽቅብ አቁሞ ጫፉን ብቻ የሚያንቀጠቅጠው ውሻ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው። ካጉረመረመ ደግሞ በፍጹም አትቅጡት፤ ያደረጋችሁትን ነገር አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ። በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻ ፍርሃቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው።

ድመት ጆሮዋን ወደ ጎን ስታጋድም፣ የጅራቷን ጫፍ ወዲያና ወዲህ ስታማታ ወይም የጀርባዋ ቆዳ ሲንቀጠቀጥ «በቃኝ» ማለቷ ነው። በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷን ማሳየቷ ስፍራውን ማመኗን ይገልጻል እንጂ ሆዷ እንዲዳሰስ መጋበዟ አይደለም። ስትዳሰስ የምታሰማው ዝቅ ያለ የጉሮሮ ድምፅም ብዙውን ጊዜ የምቾት ምልክት ቢሆንም፣ ታማ ወይም ተጎድታ ሳለም ያንኑ ድምፅ ልታሰማ እንደምትችል አትርሱ። ከድመት ጋር ለመግባባት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ በርቀት ተቀምጦ ዓይንን ቀስ አድርጎ መጨፈንና ቀስ አድርጎ መግለጥ ነው፤ በእንግሊዝ የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው ሰው በተመሳሳይ መንገድ እንደሚመልሱ፣ ወደ ተዘረጋ እጁም ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ የሦስት ሰከንዱን ልማድ ያዙ። እንስሳው ራሱ ወደ እናንተ ሲቀርብ በአንገቱ ጎን ወይም በደረቱ በኩል ለሦስት ሰከንድ ያህል ዳብሱትና እጃችሁን አንሡ። ተመልሶ ከተጠጋ ወይም እጃችሁን በራሱ ገፋ ካደረገ ፈቅዷል፤ ባለበት ከቀረ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ከሄደ አልፈቀደም። ዝም ብሎ መቆሙን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት፤ የፈራ እንስሳም ዝም ብሎ ይቆማልና።

በተፈጥሯቸው በሌሎች አራዊት የሚታደኑ እንስሳት፣ ለምሳሌ ጥንቸል፣ በግና አህያ፣ ሕመማቸውን መደበቅ ይቀናቸዋል፤ በዱር ውስጥ ድክመትን ማሳየት ሕይወትን የሚያሳጣ ነገር ነበርና። ስለዚህ ከእነርሱ ጩኸት አትጠብቁ። መብላት ያቆመች ጥንቸል በሰዓታት ውስጥ አደጋ ላይ ልትወድቅ ስለምትችል፣ እስከ ነገ ልያት ብሎ ማሳደር አይገባም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የማታውቁትን እንስሳ መቅረብ

ባለቤት ያለውን ውሻ ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፤ ቀጥሎም ውሻውን ጠይቁ፤ ይኸውም ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቆማችሁ፣ ዓይን ዓይኑን ሳታዩ፣ በራሱ ፈቃድ መጥቶ እንዲያሸታችሁ ጊዜ በመስጠት ነው። ከላይ ወደ ራሱ የሚወርድ እጅ ለውሻ የሚያስፈራ ነገር ነው። የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረ ወይም ቡችሎቿን የምታጠባ እንስሳ አትንኩ። የማታውቁት ውሻ እየጮኸ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ሩጫ የማሳደድ ባሕርዩን ይቀሰቅሰዋል። እጃችሁን ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ፣ ወደ መሬት እያያችሁ እንደ ዛፍ ቁሙ፤ ሲረጋጋ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ራቁ።

በዚህ ስፍራ ስለ እብድ ውሻ በሽታ መናገር ግድ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ከተጎጂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ፈጽሞ ሊከላከሉት የሚቻል በሽታ ነው። ስለዚህ ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ቤተሰብ ይቆጣኛል ብላችሁም አትደብቁ። ይህ ስለ ሰው ጤና ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ፤ ውሾች በጅምላ የሚገደሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሽታ ፍርሃት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የታወቀ ስለሆነ፣ የራስን ውሻ ማስከተብና ጎረቤት እንዲያስከትብ ማስታወስ ለውሾች ሁሉ የሚደረግ ትልቅ ውለታ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በቤት ውስጥ ያለ ኃላፊነት

እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ አገር በፕሮፌሰር ሮጀር ብራምቤል የተመራ ኮሚቴ ስለ እርባታ እንስሳት አያያዝ ባቀረበው ዘገባ፣ ማንኛውም እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ራሱን ለማጽዳትና እግሮቹን ለመዘርጋት ነፃነት ሊኖረው እንደሚገባ ገለጸ። ይህ ሐሳብ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1979 አምስቱ ነፃነቶች ተብሎ ተቀመጠ፤ እነዚህም ከረኃብና ከጥም፣ ከአለመመቸት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ እንዲሁም በተፈጥሮ ባሕርይ መሠረት መኖር ናቸው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በቤታችሁ ያለውን እንስሳ በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች መዝኑት፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድባችሁም።

ከውኃው ጀምሩ። ሳህኑ ውኃ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ጣታችሁን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ አሂዱና አሟልጮ እንደ ሆነ ፈትሹ፤ ካሟለጨ ውኃ ጨምራችሁበት አትተዉት፤ ፈትጋችሁ እጠቡትና እንደ ገና ሙሉት። ሳህኑ በጥላ ሥር፣ በቀላሉ በማይገለበጥበት ቦታ ይቀመጥ።

ምግብን በተመለከተ በደግነት ስም የሚፈጸም ጉዳት ብዙ ነው። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ድመትንም ይጎዳሉ። በአንዳንድ ስኳር አልባ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ በትንሽ መጠን ውሻን ሊገድል ይችላል። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይም የዶሮ፣ ሲሰበር እየሰላ አንጀትን ይወጋል። የላም ወተት ለድመት ተስማሚ ነው የሚለው እምነት በሰፊው ቢታወቅም፣ አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል፤ ለድመት የሚስማማት መጠጥ ውኃ ነው። የሰው መድኃኒት ደግሞ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም አይሰጥም፤ አንዲት የፓራሲታሞል እንክብል ድመትን ለመግደል ትበቃለች።

ስለ ሙቀትም አስቡ። ውሻ እንደ እኛ በመላ ቆዳው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። በውጭ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን፣ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ 34 ያህል፣ በግማሽ ሰዓት ደግሞ 43 ያህል ሊደርስ ስለሚችል፣ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ እንስሳን በመኪና ዘግቶ መሄድ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ከውሻ ጋር በአስፋልት ላይ ከመሄዳችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ለሰባት ሰከንድ መንገዱ ላይ አኑሩ፤ እናንተን ካቃጠላችሁ የእርሱንም መዳፍ ያቃጥለዋል።

ቀን ከሌት ታስሮ የሚኖር ውሻ ጠባቂ ይመስለናል፤ እርሱ ግን ዓለሙ የገመዱን ርዝመት ያህል የሆነበት እስረኛ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ እየፈታችሁ አብራችሁት ሂዱ፤ በመንገድም እያሸተተ እንዲዘገይ ፍቀዱለት፤ ማሽተት ለእርሱ እንደ ማንበብ ነው። ጥፋት ሲያጠፋ መምታት ፍርሃትን እንጂ ትምህርትን አይሰጥም። ከሰዓታት በፊት ላጠፋው ጥፋት የሚቀጣ ውሻ የቅጣቱን ምክንያት ስለማያውቅ እናንተን መፍራት ብቻ ይማራል፤ የሚፈለገውን ነገር ባደረገበት ቅጽበት የተሰጠ ትንሽ ምግብ ወይም የምስጋና ቃል ግን ቶሎ ያስተምረዋል።

እንስሳ ገና ልታመጡ ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ዓመታቱን ቁጠሩ። ውሻ ከአሥር ዓመት በላይ፣ ድመት ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ከቤት ስትወጡ ማን እንደሚይዘው ዛሬ ተነጋገሩ። ቡችላም ሆነ የድመት ግልገል ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። ድመት በአራት ወይም በአምስት ወር ዕድሜዋ ልታረግዝ ስለምትችል በጊዜ ማምከን ያስፈልጋል፤ ማምከን ጭካኔ የሚመስላቸው ሰዎች ቢኖሩም፣ ባለቤት አጥተው በየጥጉ የሚሞቱትን ግልገሎች ያየ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ ደረጃ፦ የሚሠሩና የሚረቡ እንስሳት

ጭነት የሚሸከም እንስሳ ያለበት ቤት ልጅ ከሆናችሁ፣ ከሁሉ በፊት ጀርባውን ማየት ልመዱ። ጭነቱ ሲወርድ መደላድሉን አንሡና መዳፋችሁን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ ቀስ ብላችሁ አሂዱ። ፀጉሩ የተመለጠበት፣ ሲነካ ቆዳው የሚሸማቀቅበት ወይም ከሌላው የሚሞቅ ቦታ ካገኛችሁ ገጣባ እየጀመረ ነው። በዚያ ቀን የሚደረግ ዕረፍት ቁስሉን ሊያስቀር ይችላል፤ በላዩ የተጫነ አንድ ተጨማሪ ጭነት ግን ለሳምንታት የሚያሠቃይ ያደርገዋል። ጭነቱ በሁለቱም ጎን እኩል መመዘኑን፣ መደላድሉ ወፍራምና ደረቅ መሆኑን፣ ገመዱም ሥጋ ውስጥ አለመግባቱን አረጋግጡ። አህያ ሲደክም ወይም ሲፈራ ስለሚቆም ግትር ይባላል፤ እርሱ ግን የቆመበት ምክንያት አለው፤ ከመምታት በፊት ሰኮናውን አንሥታችሁ ጠጠር እንዳለበት እዩ፤ ጭነቱን ፈትሹ፤ ውኃ መቼ እንደ ጠጣ አስታውሱ።

ዶሮን በእግሯ አንጠልጥሎ መያዝ በብዙ የዓለም ክፍል የተለመደ ቢሆንም ለዶሮዋ ሥቃይ ነው። ወፎች እንደ እኛ ሳንባንና ሆድን የሚለይ ድያፍራም ስለሌላቸው፣ ቁልቁል ሲንጠለጠሉ የሆድ ዕቃቸው የመተንፈሻ ክፍሎቻቸውን ይጫናል። ሁለት ክንፏን ከሰውነቷ ጋር በመዳፎቻችሁ አቅፋችሁ፣ ደረቷን ደግፋችሁ፣ ቀና አድርጋችሁ ያዟት፤ ወዲያው ጸጥ ስትል ታያላችሁ። ጥንቸልንም በጆሮዋ አታንሡ።

ከብት ዓይኖቹ በራሱ ጎንና ጎን ስላሉ ዙሪያውን በሰፊው ያያል፤ በቀጥታ ከኋላው ያለውን ግን አያይም፤ ስለዚህ ከኋላ ድንገት አትቅረቡት። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ቴምፕል ግራንዲን ለረጅም ዓመታት ባደረገችው ምልከታ እንዳሳየችው፣ ከብቶች አልሄድ ብለው የሚቆሙት ብዙውን ጊዜ በመንገዱ ላይ ባለ ጥላ፣ በተንጠለጠለ ሰንሰለት ወይም በአጥር ላይ በተሰቀለ ልብስ ምክንያት ነው። ጩኸትና ዱላ ከመጨመር ይልቅ ዝቅ ብላችሁ እነርሱ በሚያዩበት ከፍታ መንገዱን ተመልከቱ፤ የሚያስፈራውን ነገር አንሡት።

አምስተኛ ደረጃ፦ የዱር እንስሳት

እዚህ ላይ ደግነት ማለት ብዙውን ጊዜ መራቅ ነው። መሬት ላይ የወደቀ የወፍ ጫጩት ስታገኙ፣ ላባ ያላበቀለ ከሆነና ጎጆው ከታያችሁ በእጃችሁ አንሥታችሁ መልሱት፤ የሰው ሽታ ስላረፈበት እናቱ ትጥለዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። ላባ አብቅሎ መሬት ላይ የሚንደረደር ከሆነ ግን መብረር እየተማረ ስለሆነ ተዉት፤ ድመትና ውሻ ብቻ አርቁለት። በሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች የሚዳቋ ግልገልም አብዛኛውን ጊዜ እናቷ ደብቃት ለመመገብ የሄደች እንጂ የተጣለች አይደለችም። ክብ የሆነ የፕላስቲክ ማሰሪያ ከመጣላችሁ በፊት በጥሳችሁ ጣሉት፤ አንገታቸው ገብቶበት የሚሞቱ አሉና።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በስልክ ላይ የምታዩት

ስሎው ሎሪስ የተባለ ዓይነ ትልቅ የእስያ እንስሳ በብብቱ ሥር ሲኮረኮር እጆቹን ሽቅብ የሚያነሣበት ቪዲዮ በመላው ዓለም ታይቷል። የተደሰተ ይመስላል። በእውነቱ ግን እጁን የሚያነሣው ሲፈራ በክንዱ ላይ ያለውን ዕጢ ፈሳሽ ከምራቁ ጋር አዋሕዶ በመርዝ ራሱን ለመከላከል ነው፤ ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ያለ ማደንዘዣ ይቆረጣሉ። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ የወደደና ያጋራ ሁሉ ሳያውቅ ለቀጣዩ እንስሳ መያዝ ገዢ ይጠራል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ሲያስቃችሁ ድምፁን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት፤ በመጀመሪያው ደረጃ ያነሣናቸውን ምልክቶች ፈልጉ። ካገኛችኋቸው አታጋሩት፤ ለመቃወምም ቢሆን አታጋሩት፤ ለመድረኩ አስተዳዳሪዎች ሪፖርት አድርጉ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሌላው ሲያጠፋ ስታዩ

ጓደኛችሁ ድመት ላይ ድንጋይ ሲወረውር ብታዩ በሰው ፊት ማዋረድ ግትር ያደርገዋል። ስሙን ጠርታችሁ ሌላ ነገር አሳዩት፤ ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ ምን እንደ ተሰማችሁ በግልጽ ንገሩት። የምታዩት የበረታ ጭካኔ ከሆነ፣ በተለይም አዋቂ ሰው የሚፈጽመው ከሆነ፣ በመካከል አትግቡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሆነውን ጽፋችሁ ለምታምኑት አዋቂ ወይም ለአካባቢው ባለ ሥልጣን አሳውቁ። እንስሳትን ደጋግሞ የሚያሠቃይ ሕፃን ካያችሁም ዝም አትበሉ፤ ልጁ ራሱ የሚደርስበት ነገር ሊኖር ስለሚችል እርሱም እርዳታ ያስፈልገዋል።

ከእናንተ የሚያንሱትን ልጆች ስታስተምሩ ግን ንግግር አታብዙ። ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ንክሻ በኋላ ለረጅም ጊዜ ውሻ ሲያይ ከኋላዬ ይሸሸግ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዲት ጠና ያለች፣ የተረጋጋች ውሻ ወደ ነበረችበት ጎረቤት ቤት ወሰድኩት፤ ጎን ለጎን መሬት ላይ ተቀመጥንና እስክትመጣ ጠበቅን። ስትመጣ እጁን በእጄ ይዤ በአንገቷ ጎን አኖርኩት፤ አብረን ሦስት ቆጠርንና አነሣን። እርሱ እኔን ያያል፤ እኔ ውሻዋን አያለሁ። ትንሽ ቆየችና ራሷን ዝቅ አድርጋ ከመዳፉ ሥር አስገባች።